ቁራኛ

ሰኔ 2013 መቐለ ውስጥ ባንኮች ሲዘጉ እናቴ ያጠራቀመቻት ገንዘብ እዚያው ቀረች። ጥቅምት 2014 ላይ የሰፈራችን ባለሱቅ፣ ሁላችንም «አቦይ» የምንላቸው ሽማግሌ፣ 6000 ብር አበደሯት። ጥሬ ብር ለማግኘት ለደላላ ኮሚሽን ይከፈል በነበረበት ጊዜ፣ ያለ ወለድ። ዱቤ ደብተራቸው ላይ ስሟን፣ ገንዘቡንና ቀኑን ጻፉ፤ በቃ። ፊርማ የለ፣ ምስክር የለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ውስጥ በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል። እናቴ ብትክድ አቦይ ምንም አልነበራቸውም።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነውና መዝገብ ነገር ይስበኛል። ኢንተርኔት ሲመለስ ግብፅ ውስጥ ስለተገኙት የግሪክኛ ፓፒረሶች ማንበብ ጀመርኩ። የብድር ውል ሞልቷቸዋል። በሮማውያን ዘመን የተለመደው ወለድ ለ100 ድራክማ በወር 1 ድራክማ፣ ማለትም በዓመት 12 በመቶ ነበር፤ የኛም የፍትሐ ብሔር ሕግ ለብድር ወለድ ያስቀመጠው ጣሪያ 12 ነው (ለማስላት ስለሚቀል ይሆን?)። ተዋዋዩ ብዙ ጊዜ በዕድሜውና በጠባሳው ይገለጻል፤ ግንባሩ ላይ፣ ጉልበቱ ላይ እየተባለ። ዕዳው ሲከፈል ጽሑፉ በኤክስ ኤክስ መስመር ይሰረዛል።

እኛ አገር ግን ሰነዱ ሰውየው ራሱ ነበር። ያልከፈለ ተበዳሪ ከአበዳሪው ጋር እጅ ለእጅ በሰንሰለት ይታሰራል፣ ወይም የሻማቸው ጫፍ ይቋጠራል፤ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ፣ ዋስ እስኪገኝ አብረው ይዞራሉ። ቁራኛ ማለት ይሄ ነው፤ ዛሬ ቃሉን በብዛት የምንሰማው «የአልጋ ቁራኛ» ሲባል ነው። በድሮ ፎቶዎች አይቻቸዋለሁ። የቱ አበዳሪ፣ የቱ ተበዳሪ እንደሆነ ለመለየት ይቸግራል። ገንዘቡን የሰጠውም እኮ እኩል ታስሯል።

አቦይም እንደዚያው ነበሩ። ያበደሩት ዕቃ የሚያመጡበትን ብር ነበር፤ መደርደሪያቸው ባዶውን ከረመ።

ጥር 2015 እናቴ ብር ማውጣት ስትችል በ12 በመቶ አሰላሁላት፤ የ15 ወር ወለድ 900 ብር መጣ።

«ወለድ ብዬ ብሰጣቸው ይቀየሙኛል» አለች።

6000ውንና አንድ ኪሎ ቡና ይዛ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። አቦይ ብሩን ሳይቆጥሩ ደብተሩን ገለጡና ስሟ ላይ ኤክስ አደረጉ። ከሷ በላይና በታች ካሉት ስሞች ብዙዎቹ አልተሰረዙም። ስለነሱ አልጠየቅናቸውም።