ከወረርሽኙ ወዲህ የባሕር ዳር የሥራ ቦታ

ደንገል አጭዶ ታንኳ ለሚሠራው የጣና ዳርቻ ሰው የሥራ ቦታው ደጁ ነበር። በባሕር ዳር ሥራ ከቤት መለየት የጀመረው በጣሊያን የጦር ካሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የፖሊቴክኒክ ተቋሙ ሲከፈት፣ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ የጢስ ዐባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሲጨመርባቸው ነው። ከዚያ ወዲህ የከተማዋን ውሎ ፈረቃ ይመራው ጀመር።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ሲገለጽ ግን «ሥራችሁን ከቤት» የሚል መመሪያ መጣ። በዚያው ወር በሽታው በባሕር ዳርም ስለ ተገኘ ከተማዋ እንቅስቃሴዋን እንድትገታ ተደረገ። መጋቢት 30 ቀንም አገር አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

ታዲያ ወደ ቤት ሊገባ የቻለው የትኛው ሥራ ነበር? የሸማኔ ማሽን ከፋብሪካው አይወጣም። ጎብኚዎችን ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት የሚያመላልሰው ባለጀልባ ሥራው ወደ ቤቱ አልገባም፤ ጠፋበት እንጂ። በዚያው ዘመን የአዲሱን የዐባይ ድልድይ መሠረት በወንዙ ውስጥ ያቆሙት ሠራተኞችም ከቤት ሆነው ሊሠሩት የሚችሉት ነገር አልነበረም፤ 380 ሜትር የሚረዝመው ይህ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመርቋል። ወደ ቤት የገባው እንግዲህ የእኛ የወረቀት ሠራተኞቹ ሥራ ነበር፤ ንድፉ፣ የክፍያ ሰነዱ፣ ስብሰባው።

ከእነዚህ ጋር አንድ ሊገባ የማይገባው ነገር አብሮ መግባቱን ከራሴ ስሕተት ልመስክር። የአንድ ሕንፃ ወለል ብረት ታስሮ እንዳለቀ ፎቶግራፉ በቴሌግራም ደረሰኝ፤ ቁጥሩን ቆጥሬ፣ ርቀቱን ገምቼ ኮንክሪቱ እንዲሞላ ፈቀድሁ። ፎርማው ሲነሣ ብረቱ በአንድ ወገን ከታች ተጋልጦ ታየ፤ በብረቱና በፎርማው መካከል ሊኖር የሚገባው ክፍተት በፎቶግራፉ ላይ አይታይም ነበርና። ቦታው ላይ ብሆን ጎንበስ ብዬ በጣቴ እለካው ነበር። ይህን ያስተማሩኝ አንድ ካፖ ናቸው፤ እርሳቸውም ያስተማሩኝ በመጽሐፍ ሳይሆን ከጎናቸው አቁመው ነው። በወረርሽኙ ጊዜ የተመረቁት ወጣቶች ያጡት ይህን መሰሉን ጉርብትና ይመስለኛል።

የበሽታው ሥጋት ካለፈ በኋላ ፎቶግራፉ ቀረ፤ ርካሽና ፈጣን ነውና ማን ይተወዋል? ሆኖም በክልሉ ግጭት ተባብሶ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ በዚያው ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም አልተመለሰም። ንድፉን በፍላሽ ይዘን፣ መንገድ ሲፈቅድ፣ እንደገና በአካል መመላለስ ጀመርን። በዚያ አስከፊ ጊዜ ነበር ከአንድ አዲስ ምሩቅ ጋር ፎርማ ሥር ጎንበስ ብዬ ክፍተቱን በጣት ያስለካሁት። ስንት እንዳገኘ ጠየቅሁት። «ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል» አለኝ፤ ደግሜ ለካሁት፤ ልክ ነበር።