ቀለህ ልክ መመለስ

በአዊ ዞን ግምጃ ቤት «ቀለህ» ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያሻም። ሠርግ ወይም የትልቅ ሰው ለቅሶ በዋለበት ሜዳ ላይ ልጆች የሚለቅሙት፣ አፉን ከንፈራቸው ላይ አስደግፈው የሚያፏጩበት ባዶ የጥይት ቤት ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ግን ይህንኑ ባዶ ዕቃ እንደገና ሞልተው የሚተኩሱ አዳኞችና የዒላማ ተኳሾች ብዙ ናቸው። ከሥራቸው አንዱ ደረጃ «ሪሳይዚንግ» ይባላል። በአማርኛ «ቀለህ ልክ መመለስ» ብንለው ይስማማዋል። «መጠን መቀየር» የሚለው ግን ያሳስታል፤ ቀለሁ የሚሄደው ወደ ቀድሞ ልኩ ነውና።

ልኩ እንዴት ይጠፋል? ምላጭ ሲሳብ መርፌው በቀለሁ ግርጌ ያለውን የእሳት መጫሪያ፣ ካፕሱሉን፣ ይመታል፣ ባሩዱ ይቀጣጠላል፣ ጋዙም አረሩን በአፈሙዝ እያስወጣ ቀለሁን ከውስጥ ይነፋዋል። የተነፋው ነሐስ ጥይቱ ከጎረሰበት ክፍል ግድግዳ ጋር ልጥፍ ይላል። ባይለጠፍ ኖሮ ያ ሁሉ እሳት ወደ ተኳሹ ፊት በተመለሰ ነበር። ግፊቱ ሲወርድ ነሐሱ ትንሽ ይሰበሰባል፤ ቀለሁ ተስቦ መውጣት የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። የተሰበሰበው ግን ከፋብሪካ እስከወጣበት ልክ ድረስ አይደለም።

መመለሻው «ዳይ» ይባላል፤ ውስጡ በቀለሁ ቅርጽ የተፈለፈለ ጠንካራ ብረት ነው። ቀለሁ ቅባት ይቀባና በመጫኛ ክንድ ኃይል ወደ ዳዩ ይገፋል። ቅባቱ ከተረሳ ነሐሱ ዳዩ ውስጥ ነክሶ ይቀራል፤ የሥራው ባለቤቶች በጣም የሚራገሙት ያኔ ነው።

አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። «ሙሉ ልክ» ገላውንም፣ ትከሻውንም፣ አንገቱንም ይጨምቃል። «የአንገት ልክ» ደግሞ አረሩን የሚይዘውን አንገት ብቻ አጥብቦ ገላውን እንደተነፋ ይተወዋል። የተነፋው ገላ የተተኮሰበትን ጠመንጃ ቅርጽ ይዟል፤ ስለዚህ አንገቱ ብቻ የጠበበ ቀለህ ለዚያው ጠመንጃ ይሆናል እንጂ ለጎረቤት ጠመንጃ ላይጎርስ ይችላል። ቃሉን ለመረዳት ዋናው ነገር ይህ ይመስለኛል፦ «ልክ» ሲባል የየትኛው ጠመንጃ ልክ?

ነገሩ ለእኛ አገር ጨርሶ ባዕድ አይደለም። አባቶቻችን «ውጅግራ» ያሉት የፈረንሳይ «ግራ» ጠመንጃ የ1874 እ.ኤ.አ. ሞዴል ሲሆን አረሩ 11 ሚሊ ሜትር ነበር። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከኢትዮጵያውያን እጅ ከነበሩት ዋነኛ መሣሪያዎች አንዱ እሱ ነው። ጥይቱ ገበያ ላይ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይዞር ነበር፤ ባዶ ቀለሁም አይጣልም፣ ድኝና ከሰል በገባበት የአገር ቤት ባሩድ እንደገና ይሞላ ነበር። ጥቁሩ ባሩድ ግፊቱ ከዛሬው ስለሚያንስ ቀለሁን የዛሬውን ያህል አይጎዳም። ቢሆንም በአንዱ ውጅግራ የተነፋ ቀለህ በሌላው ለመጉረስ ማስቸገሩ አይቀርም።

ልክ መመለስ ማለቂያ የሌለው ሥራም አይደለም። ለቀለህ የሚመረጠው ነሐስ 70 በመቶው መዳብ፣ 30 በመቶው ዚንክ ነው። ይህ ነሐስ በተነፋና በተጨመቀ ቁጥር ይደርቃል፤ በመጨረሻም አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል። አንገቱን በልኩ በእሳት ማለዘብ ዕድሜ ይጨምርለታል። ግርጌው ግን እሳት አይነካውም፤ ግፊቱን የሚችለው የግርጌው ጥንካሬ ነውና፣ ከለዘበ አደጋው ለተኳሹ ነው።

ዛሬ በየቦታው የሚወድቀው የክላሽ ቀለህስ? አብዛኛው ብረት ነው፤ ማግኔት ቢያስጠጉበት ይለጠፋል። ብረት እንደ ነሐስ እሺ ብሎ አይጨመቅም። በዚያ ላይ ካፕሱሉ የተቀመጠበት ቦታ መሐሉ ድፍን ነው፤ እሳቱ የሚያልፈው በሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ስለሆነ ያለቀውን ካፕሱል በተለመደው ዘንግ ገፍቶ ማስወጣት አይቻልም። ስለዚህ ይህን ቀለህ መልሶ ለመሙላት መድከም አያዋጣም። የነሐሱ ቀለህ ግን ሌላ ሥራ አላጣም፤ እንጦጦ ላይ ሴቶች አቅልጠው ዶቃና ጌጥ ሠርተውበታል፣ ጌጡም ባሕር ተሻግሮ ተሸጧል።

ይህ ጽሑፍ ቃሉን ለማስተዋወቅ እንጂ ሥራውን ለማስጀመር አልተጻፈም። በአገራችን የጦር መሣሪያና የጥይት ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ነው፤ ያለ ፈቃድ ጓሮ ውስጥ የሚሞከር አይደለም።