ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ

ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ (ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1874 – ኦገስት 22 ቀን 1927 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የአዕዋፍና የዱር አራዊት ሠዓሊ ነበረ። በ1919 ዓ.ም. ከቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ተመራማሪዎች ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በአርሲ፣ በባሌ፣ በስምጥ ሸለቆና በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል የሚገኙ ወፎችንና አጥቢ እንስሳትን በውሃ ቀለም ሥሏል። ከጉዞው በተመለሰ በጥቂት ወራት ውስጥ በባቡር አደጋ ሞተ፤ የኢትዮጵያ ሥዕሎቹ ግን ከአደጋው ተርፈው የሥራው ሁሉ መደምደሚያ ሆነዋል።

ልጅነትና ትምህርት

ፉዌርቴስ በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በኢታካ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኤስቴቫን ፉዌርቴስ የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ ሲሆን በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምህንድስና ፕሮፌሰር ነበረ። ልጁ ስሙን ያገኘው ከመወለዱ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ ከሞተው የተፈጥሮ ሊቅ ከሉዊስ አጋሲዝ ነው።

ገና በልጅነቱ ለወፎች ልዩ ፍቅር ነበረው። የመጀመሪያውን የወፍ ሥዕል የሣለው በ14 ዓመቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከተመረቀ በኋላ ከሠዓሊው አቦት ቴየር ዘንድ ተማረ። ቴየር እንስሳት በቀለማቸው አማካይነት ከአካባቢያቸው ጋር እንዴት እንደሚመሳሰሉ ያጠና ሰው በመሆኑ፣ ተማሪው የብርሃንንና የጥላን ነገር ከእርሱ ቀሰመ። እ.ኤ.አ. በ1899 ሃሪማን በተባለው ባለ ሀብት ወጪ ወደ አላስካ የተደረገውን ሳይንሳዊ ጉዞ ተካፈለ። ከዚያም በሜክሲኮ፣ በኮሎምቢያና በሌሎች አገሮች እየተዘዋወረ ሠርቷል።

የኢትዮጵያ ጉዞ

ጉዞውን ያዘጋጁት ፊልድ ሙዚየምና ቺካጎ ዴይሊ ኒውስ የተባለው ጋዜጣ ናቸው። መሪው የሙዚየሙ የእንስሳት ጥናት ባለሙያ ዊልፍሬድ ኦስጉድ ነበረ። ከፉዌርቴስ ሌላ አልፍሬድ ቤይሊ፣ ሰይዳም ከቲንግና ጋዜጠኛው ጃክ ባውም በቡድኑ ውስጥ ነበሩ። ጊዜው የንግሥት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት ሲሆን አልጋ ወራሽና እንደራሴው ራስ ተፈሪ መኮንን ነበሩ።

ቡድኑ ከጂቡቲ በባቡር በአዋሽና በአዳማ በኩል አልፎ አዲስ አበባ ገባ። በዚያን ጊዜ ወደ ደቡብ የሚወስድ የመኪና መንገድ ስላልነበረ ጉዞው የቀጠለው በበቅሎ ነው። መንገደኞቹ አርሲን፣ ባሌንና ሲዳማን ካዳረሱ በኋላ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በኩል ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ቀጥለውም ወደ ሰሜን ተጉዘው በጎጃም፣ በጎንደርና በስሜን ሠርተው በሱዳን በኩል ወጡ።

የአርሲና የባሌ ደጋ ለሙዚየሙ ልዩ ጥቅም ነበረው። የደጋ አጋዘን ለሳይንስ ዓለም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1908 አይቨር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ ካደነው በኋላ ሲሆን፣ የሳይንስ ስም የተሰጠው በ1910 ነው። ስለዚህ ፉዌርቴስ በደረሰበት ጊዜ ይህ እንስሳ ለሳይንቲስቶች ገና አዲስ ነበረ። በአርሲና በባሌ ኦሮምኛ «ጄዳላ ፈርዳ» የሚባለው ቀይ ቀበሮም በውጭ አገር ቤተ መዘክሮች ውስጥ ብርቅ ነበረ።

አሠራሩ

በዚያ ዘመን የቀለም ፎቶግራፍ ለመስክ ሥራ የሚመች አልነበረም። ሙዚየም የሚገባ ወፍ ቆዳው ተገፎ፣ በጥጥ ተሞልቶና ደርቆ ይቀመጣል። ላባው ቀለሙን ለረጅም ጊዜ ይዞ ሊቆይ ቢችልም የዓይን፣ የምንቃር፣ የእግርና የባዶ ቆዳ ቀለም ግን እንስሳው ከሞተ በኋላ ቶሎ ይጠፋል። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ጭላዳ ዝንጀሮ ነው፤ በደረቱ ላይ ያለው ቀይ ባዶ ቆዳ በደረቀ ናሙና ላይ ቀይነቱን አይጠብቅም።

የፉዌርቴስ ሥራ ይህንን ክፍተት የሚሞላ ነበረ። እንስሳው እንደ ታደነ፣ ቀለሙ ሳይለወጥ፣ ራሱንና እግሩን በፍጥነት በውሃ ቀለም ይሥል ነበር። በሕይወት ሳለ እንዴት ይቆም፣ እንዴት ይመለከትና እንዴት ይንቀሳቀስ እንደነበረ ደግሞ ቀደም ሲል አስተውሎ በአእምሮው ከያዘው ይጨምርበታል። ሥዕሎቹ የደረቀ ናሙና ግልባጭ ሳይመስሉ ሕይወት ያላቸው ሆነው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ዘዴው እንስሳውን መግደል የሚጠይቅ መሆኑ ግን አይካድም፤ በጊዜው የነበሩ ብዙ የተፈጥሮ ተመራማሪዎች የሚሠሩት እንደዚሁ ነበር።

ሞቱና የሥዕሎቹ መትረፍ

ፉዌርቴስ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ አገሩ ተመልሶ፣ በነሐሴ ወር የኢትዮጵያ ሥዕሎቹን ለወዳጁ ለአዕዋፍ ሊቁ ለፍራንክ ቻፕማን ለማሳየት ሄደ። ነሐሴ 16 ቀን 1919 ዓ.ም. (ኦገስት 22 ቀን 1927 እ.ኤ.አ.) ከባለቤቱ ጋር ወደ ኢታካ ሲመለስ፣ ኡናዲላ አጠገብ ባለ የሐዲድ ማቋረጫ ላይ መኪናውን ባቡር ገጨው። የድርቆሽ ጭነት መንገዱን ከልሎት ስለ ነበር ባቡሩን አላየውም። ወዲያውኑ በ53 ዓመቱ ሞተ፤ ባለቤቱም ክፉኛ ቆሰለች። ሥዕሎቹ ግን ከመኪናው ተወርውረው ወድቀው ሳይበላሹ ተገኙ። ወደ ኢትዮጵያ የተጓዘበትና የሞተበት ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር አንድ ነው።

የጉዞ ጓደኛው ሰይዳም ከቲንግ ሥዕሎቹን ከባለቤቱ ገዝቶ ለፊልድ ሙዚየም በስጦታ ሰጠ። ሙዚየሙም ከእነርሱ 32ቱን መርጦ እ.ኤ.አ. በ1930 የኢትዮጵያ ወፎችና አጥቢ እንስሳት አልበም አድርጎ በቀለም አሳተማቸው። እ.ኤ.አ. በ1936 ደግሞ የኦስጉድና የፉዌርቴስ የጉዞ ማስታወሻ በአንድ መጽሐፍ ወጣ።

ትሩፋት

በሜክሲኮና በኮሎምቢያ የሚገኙ ሁለት የወፍ ዝርያዎች በስሙ ተሰይመዋል። የአሜሪካው ዊልሰን የአዕዋፍ ማኅበርም በየዓመቱ በስሙ ለተመራማሪዎች ድጋፍ ይሰጣል።

ለኢትዮጵያ ሥዕሎቹ ያላቸው ዋጋ ከሥነ ጥበብም ያለፈ ነው። የተሠሩት በአገሪቱ አንድም ብሔራዊ ፓርክ ከመቋቋሙ በፊት ነው። ቀይ ቀበሮ ዛሬ በዓለም ላይ የቀረው ወደ 500 ገደማ ብቻ ሲሆን አብዛኛው የሚኖረው በባሌ ተራሮች ነው። የደጋ አጋዘንም እንዲሁ ከመጥፋት አደጋ አላመለጠም። በ1962 ዓ.ም. የተመሠረተው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከኩየራና ከአርሲ ነገሌ በስተ ምዕራብ ባለው ቆላ ደግሞ የአብያታ ሐይቅ ውሃ ለመስኖና ለሶዳ አሽ ምርት በመወሰዱ ሐይቁ እየሸሸ፣ በዳርቻው የሚመገቡት ወፎችም መኖሪያቸው እየጠበበ መጥቷል። ስለዚህ የፉዌርቴስ ሥዕሎች ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት በዚህ አካባቢ ምን ይታይ እንደነበረ በቀለም የሚመሰክሩ ሰነዶች ናቸው።