ዘይቱ የሚያፈሰው ከየት ነው? የአንድ አሮጌ ቮልስዋገን ሞተር ቅየራና የጥገና ታሪክ



 የዛሬው ርእሴ ለታሪክ መድረክ እንግዳ ሊመስል ይችላል። የምናገረው ከአንድ አሮጌ መኪና ሆድ ሥር ስለሚንጠባጠብ ዘይት ነው። ላስረዳ የምሻውም አንድ ሐሳብ ነው፦ ሞተሩ የተቀየረለት አሮጌ መኪና ዘይት ሲያፈስ፣ ጠብታው ብዙ ጊዜ የሚወጣው ሁለት ዘመናት ከተጋጠሙበት ስፍራ ነው። ስለዚህ መካኒኩ መፍቻውን ከማንሣቱ በፊት እኛ በመዛግብት ላይ የምንሠራውን ሥራ በብረት ላይ መሥራት፣ ማለትም እያንዳንዱ ክፍል የየትኛው ዘመን እንደ ሆነ መለየት ግድ ይሆንበታል።

ለምሳሌነት የመረጥሁት እኛ በተለምዶ ቮልስ የምንለውን ትንሹን ቮልስዋገን ነው። ለኢትዮጵያ ታሪክ ተማሪ ይህ መኪና ባዕድ አይደለም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። በዓለም ደረጃም ከ1938 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልሶች ተመርተዋል፤ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮ የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ነው።

የዚህ መኪና ታሪክ የሚያታልለው በመልኩ ነው። ከውጭ ሲያዩት ለስድሳ ዓመታት ያህል እምብዛም ያልተለወጠ ይመስላል፤ ውስጡ ግን በየዓመቱ ሲሻሻል ኖሯል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የነበረው ሞተር 1192 ሲሲ ሆኖ 34 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። በ1970 እ.ኤ.አ. ገደማ የመጣው 1584 ሲሲ ሞተር ደግሞ 50 የፈረስ ጉልበት አለው። ሁለቱም ከካምቢዮው ጋር የሚያያዙት በአራት ብሎን ብቻ ነው። ስለዚህ አሮጌው ሞተር ሲደክም አዲሱን በቦታው መተካት ለባለመኪናው ቀላል ነገር ሆኖ ይታየዋል፤ አራቱ ብሎኖች ገጥመው ሲያይ ሌላው ሁሉ እንደ ገጠመ ይቆጥራል። ችግሩ የሚወለደው ከዚህ ግምት ነው።

እንዴት እንደሚወለድ ላብራራ። ከሞተሩ ክራንክ ሻፍት ጫፍ ላይ ፍላይዊል የሚባል ከባድና ጥርሳም ክብ ብረት ይታሰራል። ኤሌክትሪኩ 6 ቮልት በነበረበት ዘመን የፍላይዊሉ ጥርሶች 109 ነበሩ፤ ከ1967 ሞዴል ጀምሮ አብዛኞቹ ወደ 12 ቮልት ሲሸጋገሩ ፍላይዊሉ ሰፍቶ ጥርሶቹ 130 ሆኑ። ሰፊው ፍላይዊል በአሮጌው ካምቢዮ ቤት ውስጥ ግድግዳውን ይነካል። እንግዲህ አዲስ ሞተር በአሮጌ መኪና ላይ የሚገጥም ባለሙያ ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ የካምቢዮውን ቤት ከውስጥ ይሞርዳል፣ ወይ የአሮጌውን ሞተር ትንሽ ፍላይዊል አውጥቶ በአዲሱ ሞተር ላይ ያስራል። ሁለተኛው ፈጣን ስለ ሆነ ብዙዎች ይመርጡታል።

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ግን ሌላም ለውጥ ተደርጎ ነበር። ከዚያ በፊት በክራንክ ሻፍቱና በፍላይዊሉ መካከል ዘይት የሚያግደው ስስ ጓርኒሲዮን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ፍላይዊሉ ውስጥ ክብ ቦይ ተቆፍሮ የጎማ ቀለበት ገባበት። የአዲሱን ሥራ የለመደ ሰው አሮጌውን ፍላይዊል ሲያስር ቀለበት የሚያስገባበት ቦይ አያገኝም፤ ጓርኒሲዮኑንም አያስታውስም። በሁለቱ ብረቶች መካከል አንዳች ማሸጊያ ሳይኖር ይቀራል፤ መኪናውም ማፍሰስ ይጀምራል።

ጉዳዩ የንጽሕና ብቻ እንዳይመስላችሁ። ይህ ሞተር የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በአየርና በዘይት ነው፤ የሚይዘውም ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ብቻ ነው። ዘይቱ ሲጎድል ሞተሩ ይግልና ይነክሳል። የፈሰሰው ደግሞ ፍሪሲዮኑን ያረጥባል፤ ፍሪሲዮኑ የረጠበ መኪና የእንጦጦን ዳገት ልውጣ ቢል ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ጎማው አይታዘዝም።

አሁን ወደ ምርመራው ልለፍ። በአዲስ አበባ በአንድ ጋራዥ፣ በዕድሜ የገፉ አንድ መካኒክ እንዲህ ያለ መኪና ሲጠግኑ ከጎናቸው ቆሜ ተመልክቻለሁ። መኪናው ሞተሩ ከተቀየረለት ወዲህ በሌላ ስፍራ ሁለት ጊዜ ወርዶ የዘይት ማገጃው፣ ማለትም ኦይል ሲሉ፣ በአዲስ ተተክቶለት ነበር፤ መፍሰሱ ግን አልቆመም። እኚህ አባት ሞተሩን ካወረዱ በኋላ ምንም ነገር በጨርቅ እንዳይጠረግ ከለከሉ። «ከጠረግነው ምስክሩን አጠፋነው» አሉኝ።

ከዚያም ተጠርጣሪዎቹን አንድ በአንድ መረመሩ። በቅድሚያ ዘይቱን በጣታቸው አሽተው አሸተቱት፤ ወፍራምና የድኝ ሽታ ያለው ቢሆን የካምቢዮ ዘይት ነው፣ ሞተሩም ነጻ ይወጣል። አልነበረም። ቀጥለው የፍላይዊሉን ሁለት ፊቶች አነጻጸሩ። ኦይል ሲሉ ወይም ከበስተጀርባ ያለው የካም ሻፍት መድፈኛ ቢያፈስ ኖሮ የሚርሰው ወደ ሞተሩ የዞረው ፊት ነበር። ያ ፊት ደረቅ ነው። ወደ ፍሪሲዮኑ የዞረው ፊት ግን ከመካከለኛው ብሎን ተነሥቶ እንደ ፀሐይ ጨረር ወደ ዳር የተበተነ የዘይት መስመር ነበረበት። ስለዚህ ዘይቱ የመጣው በመጋጠሚያው በኩል፣ በመካከለኛው ብሎን ዙሪያ ነው። ብሎኑን ፈትተው ፍላይዊሉን ገለበጡት፤ ቦይም፣ ቀለበትም፣ ጓርኒሲዮንም አልነበረውም። ሁለት ጊዜ የተቀየረው ኦይል ሲል ጥፋት አልነበረበትም።

መፍትሔያቸው ፍላይዊሉን ወደ ቶርኖ ቤት ልኮ የቀለበቱን ቦይ ማስቆፈር ሆነ። ሲመለስም ሥራው አላበቃም። ፍላይዊል ሲለወጥ የክራንክ ሻፍቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የመንሸራተቻ ክፍተት ይለወጣል፤ ይህም በሦስት ስስ የብረት ቀለበቶች ተስተካክሎ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ክፍተቱ ከበዛ አዲሱም ኦይል ሲል በጊዜ ይበላሻል። ለክተው፣ ቀለበት ለውጠው፣ ደግመው ለኩ፤ በመጨረሻም ብሎኑን በረጅም ቧንቧ አጠበቁት። የፋብሪካው መመሪያ ለዚህ ብሎን የሚያዘው ወደ 300 ኒውተን ሜትር የሚጠጋ ኃይል ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ምንጭን ከማጽዳት በፊት እንዳለ ማንበብ፣ ምስክሮችን ማነጻጸር፣ የሰነዱን ዘመን ከወረቀቱና ከቀለሙ መለየት በመጀመሪያው ዓመት የምናስተምረው ነው። ዴቪድ ኤጀርተን በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የቴክኖሎጂ ታሪክ በፈጠራ ቀን ላይ ብቻ እንዳያተኩር፣ አገልግሎትንና ጥገናንም እንዲያይ ተከራክሯል። እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፤ እንደ እኛ ባለ አገር፣ አንድ ዕቃ ከሠሪዎቹ ሐሳብ በላይ ዕድሜ በሚኖርበት ስፍራ፣ የጥገና ታሪክ የቴክኖሎጂ ታሪክ ዋና አካል ነው።

የራሳችን ቋንቋም ለዚህ ይመሰክራል። ዛሬ የጠቀስኋቸውን ቃላት አስተውሉ፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ጓርኒሲዮን፣ ቶርኖ። ካንዴላን፣ ማርሚታንና ባሌስትራን ጨምሩባቸው። መኪናው ጀርመን ሠራሽ ነው፣ የክፍሎቹ ስም ግን ጣሊያንኛ ነው። መካኒክነት በአገራችን በሰፊው የተስፋፋው ከጣሊያን የጭነት መኪኖችና ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው ወረራ ጋር ተያይዞ ስለ ሆነ፣ ወራሪው ከሄደ በኋላ የሙያው ቋንቋ ቀረ፤ በኋላ የመጣውም ባዕድ መኪና በዚያው ስም ተጠራ። አንድ ጋራዥ ውስጥ የጀርመን ብረት፣ የጣሊያን ቃልና የአበሻ ብልሃት በአንድ ብሎን ታስረው ይገኛሉ።

ማሳሰብ የምፈልገው ግን ይህን ነው። ከላይ የተረክሁትን ዕውቀት እኚያ ባለሙያ ከመጽሐፍ አላገኙትም፤ በመጽሐፍም አላኖሩትም። የትኛው ዓመት ፍላይዊል ከየትኛው ሞተር ጋር እንደሚስማማ በእጃቸውና በትዝታቸው ብቻ ይዘውታል። ረዳታቸው የሆነው ወጣት የሚሠራው ባብዛኛው በአዳዲስ መኪኖች ላይ ነው፤ ቮልሶቹም በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። የቃል ታሪክ ስንሰበስብ ወደ ሹማምንትና ወደ አርበኞች የመሄድ ልማድ አለን፤ መልካም ልማድ ነው። ሆኖም ከእነርሱ የሚበዙቱ ቢያንስ ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ ወይም ኒሻን ትተዋል። መካኒኩ የሚተወው የሚሠራ መኪና ነው፤ መኪናው ሲወገድ ማስረጃውም አብሮ ይወገዳል።

ስለዚህ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ወደ ጋራዥ እንድትሄዱ እጠይቃለሁ። ስትሄዱም «ይህ ክፍል ከየት መጣ? በምን ተተካ? ማን አስተማረዎ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚሰጧችሁን ቃል እንዳለ መዝግቡ፣ የተለወጠውንም ዕቃ ከመጣሉ በፊት ፎቶ አንሡ። ዘይት የነካው ጨርቅ ከመምጣቱ በፊት መድረስ ይኖርባችኋል።