ከፀሐይ የጎደለው ሒሳብ፦ የኒውትሪኖ ታሪክና ያልተፈቱ ጥያቄዎች በፊዚክስ ትምህርት

በፊዚክስ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የሚገኘው ዕውቀት በአመዛኙ ክርክሩ ያለቀለት፣ መልሱም የተጻፈለት ነው። ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የረቂቅ ቅንጣቶችን ፊዚክስ ማጥናት ሲጀምር ግን መልስ ያልተገኘላቸው ጥያቄዎች ይገጥሙታል፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ እንዴት መያዝ እንደሚገባውም ቀደም ብሎ ያስተማረው የለም። ከዚህም የተነሣ ኒውትሪኖ የሚባለው ቅንጣት ታሪክ ለመምህራንና ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች የሚጠቅም ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጄምስ ቻድዊክ በ1914 በርሊን ውስጥ ባደረገው ልኬት፣ በቤታ ጨረር የሚወጡት ኤሌክትሮኖች የያዙት ኢነርጂ አንድ ዓይነት ሳይሆን ከትንሽ እስከ ትልቅ የተዘረጋ መሆኑን ተመለከተ። ከአቶሙ አስኳል የወጣው ኢነርጂና ኤሌክትሮኑ ይዞት የተገኘው ሲተያዩ ሒሳቡ አልገጠመም። ኒልስ ቦርን የመሰለ ሊቅ እንኳ፣ ኢነርጂ አይፈጠርም አይጠፋም የሚለው ሕግ በአስኳል ውስጥ ላይሠራ ይችላል እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ቮልፍጋንግ ፓውሊ ግን በ1930 መጨረሻ ቱቢንገን ለተሰበሰቡ የሙያ ባልደረቦቹ በላከው ደብዳቤ፣ የጎደለውን ኢነርጂ የኤሌክትሪክ ሙል የሌለው፣ ያልታየ ቅንጣት ይዞት ይሄድ ይሆናል ሲል ሐሳብ አቀረበ። እርሱ ራሱ በስብሰባው አልተገኘም፤ ዙሪክ ላይ የዳንስ ግብዣ ነበረበት። ኤንሪኮ ፌርሚ በ1934 ሐሳቡን ወደ ንድፈ ሐሳብ አሳደገው። ፍሬድሪክ ራይንስና ክላይድ ካውን ደግሞ በ1956 አሜሪካ ውስጥ በሳቫና ሪቨር የኑክሌር ማብላያ አጠገብ ቅንጣቱን አገኙት።

ይሁን እንጂ ትልቁ ችግር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሬይመንድ ዴቪስ የተባለው ኬሚስት ሳውዝ ዳኮታ በሚገኘው የሆምስቴክ ወርቅ ማውጫ ውስጥ፣ ከምድር በታች 1,500 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ፣ 380,000 ሊትር ያህል ፈሳሽ የያዘ ጋን አስተከለ። ፈሳሹ በላውንደሪ ቤቶች ልብስ ለማጽዳት የሚያገለግል፣ ክሎሪን ያለበት ኬሚካል ነበር። ከፀሐይ የሚመጣ ኒውትሪኖ አልፎ አልፎ አንዱን የክሎሪን አቶም ወደ አርገን ይለውጠዋል። ዴቪስ ከዚያ ሁሉ ፈሳሽ ውስጥ በየጊዜው የሚለቅመው በጣት የሚቆጠሩ ያህል ጥቂት አቶሞችን ነው። ጆን ባኮል ከፀሐይ ምን ያህል ሊመጣ እንደሚገባ በንድፈ ሐሳብ አስልቶ ነበር። በ1968 የወጣው የመጀመሪያ ውጤት ከስሌቱ በእጅጉ አነሰ፤ ልኬቱ በተከታዮቹ ዓመታት ሲደጋገምም የተገኘው ሲሶ ያህሉ ብቻ ሆነ።

ከሦስቱ ማን ተሳሳተ? ለቃሚው፣ አስሊው ወይስ ስለ ቅንጣቱ የታመነው? ብዙዎች የጠረጠሩት ዴቪስን ወይም የፀሐይን ስሌት ነበር። ዴቪስ መጠኑ የታወቀ አርገን ጋኑ ውስጥ እየጨመረ መልሶ በመልቀም አሠራሩን ፈተነ፤ ባኮልም ስሌቱን ደጋግሞ አጠራ። ጉድለቱ ግን አልተነቃነቀም። በሶቪየት ኅብረት ይሠራ የነበረው ብሩኖ ፖንቴኮርቮ፣ ኒውትሪኖዎች በጉዞ ላይ ሳሉ ዓይነታቸውን ይለውጡ ይሆናል ብሎ ነበር። ይህ እንዲሆን ደግሞ መጠነ ቁስ ሊኖራቸው ይገባል፤ ተቀባይነት ያገኘው ንድፈ ሐሳብ ግን የላቸውም ይል ነበር።

በ1998 ጃፓን ውስጥ 50,000 ቶን ውሃ የያዘው ሱፐር ካሚዮካንዴ፣ ከከባቢ አየር የሚመጡት ኒውትሪኖዎች ዓይነታቸውን እንደሚለውጡ አሳየ። በካናዳ የሰድበሪ መመርመሪያ ደግሞ 1,000 ቶን ከባድ ውሃ ተጠቅሞ በ2001 እና በ2002 ባወጣው ውጤት፣ ሦስቱም ዓይነቶች አብረው ሲቆጠሩ ድምሩ ከፀሐይ ስሌት ጋር መግጠሙን አረጋገጠ። ዴቪስም ባኮልም ልክ ነበሩ። ዴቪስ በ2002 የኖቤል ሽልማት ሲካፈል ዕድሜው 88 ነበር፤ ፖንቴኮርቮ በ1993 ስላረፈ ይህን አላየም።

በመምህራን ማሠልጠኛ ሳስተምር፣ አንድ ሠልጣኝ የቤታ ጨረርን ግራፍ ተመልክቶ «የቀረው ኢነርጂ የት ገባ?» ብሎኝ ነበር። ጥያቄው የፓውሊ ጥያቄ ነው። የሰጠሁት መልስ ግን «ይህ በፈተና አይመጣም» የሚል ነበር። ሠልጣኙ ያን ዓመት ሁለተኛ ጥያቄ አልጠየቀም።

እንደ እኔ አስተያየት፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ የ2002ን መልስ ከመስማቱ በፊት የዴቪስን ሲሶ ቢቀበልና ስሕተቱ የት ሊሆን እንደሚችል፣ በምንስ እንደሚፈተን ቢጽፍ ይበጃል። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከዚያ ወደ ዛሬዎቹ ጥያቄዎች ሲሸጋገር፣ የተለካውን፣ ወሰን ብቻ የተበጀለትንና ገና በግምት ያለውን መለየት ይችላል። ለምሳሌ በጀርመን ካርልስሩኸ የሚገኘው የካትሪን ሙከራ በ2025 ያወጣው ውጤት፣ የኒውትሪኖ መጠነ ቁስ ከ0.45 ኤሌክትሮን ቮልት እንደማይበልጥ ይገልጻል፤ ይህም ከኤሌክትሮን መጠነ ቁስ አንድ ሚሊዮንኛ ያነሰ ነው። ወሰኑ ታወቀ እንጂ መጠኑ ራሱ አልታወቀም። ከሦስቱ ከባዱ የትኛው እንደሆነም ገና አልተለየም። ኤቶሬ ማዮራና በ1937 ያነሣው ጥያቄ፣ ማለትም ኒውትሪኖ የራሱ ጸረ ቅንጣት ሊሆን ይችላል ወይ የሚለው፣ እስከ ዛሬ በምድር ውስጥ በተቀበሩ መመርመሪያዎች እየተፈለገ ነው።