የወጨጫ ደንና የመዲናይቱ እንጨት

አንድ ከተማ ሲቆረቆር አስቀድሞ የሚፈልገው ውሃና እንጨት ነው። ውሃው ዛሬ ቢቀዳ ምንጩ ነገም ይፈልቃል፤ ዛሬ የተቆረጠ ጥድ ግን የሚተካው ቆራጩም ልጁም ካለፉ በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ የቆመው የወጨጫ ተራራ ታሪክ ይህንኑ እውነት ያስረዳል።

ወጨጫ ከጠፋ ብዙ ዘመን ያስቆጠረ እሳተ ገሞራ ነው። ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የተፋው ቅልጥ አለት ቀዝቅዞ ትራካይት የተባለውን ድንጋይ ሠርቷል፤ ጎረቤቶቹ የረርና ፉሪም አፈጣጠራቸው ከዚሁ ዓይነት ነው። የተራራው ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 3,385 ሜትር ይደርሳል። ከዓለቱ መፈረካከስ የተገኘው አፈርና ከፍታው የሚስበው ዝናብ ተባብረው በምዕራባዊው ተዳፋት ላይ የመናገሻ ሱባን ደን አብቅለዋል።

የደኑ ጥበቃ የሚጀምረው፣ ትውፊት እንደሚለው፣ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. በነገሡት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። ንጉሡ ተራራው ተራቁቶ ቢያዩ በአንኮበር አቅራቢያ ከሚገኘው ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉ ይባላል። ትውፊቱ እውነት ከሆነ፣ የዛሬው ደን በከፊል ከ500 ዓመት በፊት የታቀደ ሥራ ውጤት ነው ማለት ነው።

ትልቁ ፈተና የመጣው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ ሕዝቧ እየበዛ ሲሄድ ለምድጃው ማገዶ፣ ለቤቱ ምሰሶና ማገር፣ ለቤተ መንግሥቱና ለአብያተ ክርስቲያናቱ ሳንቃ ያስፈልግ ነበር። በአካባቢው ያለው ዛፍ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ተመናመነ። በቀድሞው ልማድ መፍትሔው አንድ ነበር፤ እንጨት ሲያልቅ ከተማው ይነሣል። ዳግማዊ ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ገደማ ደን ወዳለበት ወደ ምዕራብ ዞረው አዲስ ዓለምን ቆረቆሩ፤ ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኝ መንገድም አስጠረጉ።

ይሁን እንጂ መዲናይቱ አልተነሣችም። በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ለማገዶና ለቤት መሥሪያ የሚበቃ፣ ተቆርጦም ከጉቶው እንደገና የሚያቆጠቁጥ ሆኖ ተገኘ። የአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት ወደ ቤተ ክርስቲያንነት ተለወጠ፤ አዲስ አበባም በባሕር ዛፍ ተከበበች። ባሕር ዛፍ ውሃ ይመጥጣል፣ ሥሩም ሌላ ተክል አያበቅልም ተብሎ ይወቀሳል፤ ወቀሳውም መሠረት አለው። ነገር ግን ከሀገር በቀሉ ጥድ ላይ ከባዱን ሸክም ያነሣለት እርሱ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ጥዱ ምስጥ የማይደፍረው እንጨት ስለሆነ ለምሰሶ ይፈለግ እንጂ፣ የየዕለቱን ምድጃ የመቀለብ ዕዳ ቢጣልበት ኖሮ መትረፉ ያጠራጥር ነበር።

ዛሬ ሰበታን አልፎ ወደ ሱባ የሚዘልቅ ጎብኚ ይህን ታሪክ በእግሩ እየተጓዘ ሊያነበው ይችላል። ከታች በሰው እጅ የተተከሉት ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ይቀበሉታል። ከፍ ሲል ጥንታዊው ደን ይጀምራል፤ ግንዳቸውን ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፋቸው ጥዶች፣ ከእነርሱም ጋር ዝግባና ወይራ ይታያሉ። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላል፤ የምኒልክ ድኩላም ኮቴ ሰምቶ ወደ ጥሻው ይሰወራል። ወደ ላይ ሲወጣ ኮሶ፣ ከዚያም አስታ ይተካሉ። ከጫፉ ላይ በስተምሥራቅ አዲስ አበባ፣ በስተደቡብ ምዕራብ የአዋሽ ወንዝ የሚያቋርጠው የበቾ ሜዳ ይዘረጋል።

ከዚያ ከፍታ ላይ ደኑና ከተማው በአንድ እይታ ይጠቃለላሉ። ደንን በዐዋጅ መከለል ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ማታ ምድጃዋን የምታነድ እናት በዐዋጅ እራት አታበስልም። ወጨጫን ለዛሬው ትውልድ ያደረሱት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አትቁረጥ የሚል ክልከላና ይህን ቁረጥ የሚል ምትክ። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ሌላው ብቻውን ደን አያቆምም።