የሐያሲው እንጀራ ከማን ነው?

«የበላበትን ወጭት ሰባሪ» የሚለው አነጋገር ውለታ ቢስን ለመንቀፍ የተነገረ ነው። በጋዜጠኝነት ሙያ ግን ወጭቱ የማን እንደሆነ አስቀድሞ ካልተለየ፣ እውነቱን የጻፈ ሁሉ ወጭት ሰባሪ መባሉ አይቀርም። በአሜሪካ አገር በቪዲዮ ጌም ጋዜጠኞች ላይ የደረሰው ታሪክ ይህንኑ ጥያቄ ያነሣል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጌምስፖት የተባለው ድረ ገጽ ጌሞችን እየመረመረ ከ10 ነጥብ ስንት እንደሚገባቸው ለገዢዎች ያስታውቅ ነበር። ይሁን እንጂ ገቢው በአመዛኙ ከማስታወቂያ የሚገኝ ሲሆን፣ ከከፋዮቹም መካከል ሥራቸው የሚመረመርባቸው ኩባንያዎች ይገኙበታል። በኖቬምበር 2007 የዝግጅት ክፍሉ ኃላፊ ጄፍ ገርስትማን «ኬን ኤንድ ሊንች» ለተሰኘው ጌም 6 ነጥብ ሰጠ። የዚሁ ጌም ማስታወቂያ በዚያን ሰሞን የድረ ገጹን ፊት ሸፍኖት ነበር። ወሩ ሳያልቅ ገርስትማን ከሥራው ተሰናበተ። ኩባንያው ስንብቱ ከማስታወቂያው ጋር ግንኙነት የለውም ሲል፣ ገርስትማን በምስጢር ውል ታስሮ ዝም አለ።

ባልደረቦቹ ግን አንድ ባንድ ለቀቁ። በ2008 ገርስትማንና ራያን ዴቪስ «ጃይንት ቦምብ» የተባለውን ድረ ገጽ መሠረቱ። መሣሪያቸውም ሳቅ ሆነ። «ቦምብካስት» በተባለው ሳምንታዊ ፖድካስታቸው ለሰዓታት እየተቀላለዱ ይወያዩ ነበር፤ በቪዲዮ ዝግጅቶቻቸውም ጌሙን እየተጫወቱ ከነስሕተታቸው ለተመልካች ያቀርቡ ጀመር። በ2009 ገርስትማንና ቪኒ ካራቬላ «ፐርሶና 4»ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከመቶ በሚበልጡ ክፍሎች ተጫውተው አሳይተዋል።

ይህ ሁሉ ቀልድ ለሂስ ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነጥብ የፈራጁን ማንነት ይሸፍናል፤ ረጅም ጨዋታ ግን ይገልጠዋል። አድማጩ የሐያሲውን ዝንባሌ፣ ግትርነትና ድክመት ጭምር ስለሚያውቅ፣ ፍርዱን በልኩ ይመዝነዋል። ከዚህ መተማመን የተነሣ ከ2010 ጀምሮ ብዙ ተከታታዮች ከኪሳቸው እየከፈሉ አባል ሆኑ።

በ2012 ጃይንት ቦምብ፣ ጌምስፖትን አስቀድሞ ለጠቀለለው ለሲ.ቢ.ኤስ. ተሸጠ። የምስጢሩ ውል በዚያን ጊዜ ስለተነሣ ገርስትማን አንደበቱን ፈታ፤ የስንብቱ ምክንያት ማስታወቂያቸውን እናነሣለን ያሉ ኩባንያዎች ተጽዕኖ እንደነበረ ተናገረ። ዴቪስ በ2013 በ34 ዓመቱ አረፈ። ባለቤቶቹም በ2020ና በ2022 ተለዋወጡ፤ ገርስትማንም በ2022 ለቀቀ። በ2025 ግን ከባልደረቦቹ መካከል ጄፍ ባካላርና ጄፍ ግራብ ድረ ገጹን ገዝተው ራሱን አስቻሉት።

ባለቤት በተለዋወጠ ቁጥር ያልተለወጠው የአድማጩ ታማኝነት ነበር። እንግዲህ ወጭቱ ከመነሻውም የአንባቢው ኖሯል። ሐያሲው ወጭት ሰባሪ የሚሆነው አስተዋዋቂውን ሲያስቀይም ሳይሆን አንባቢውን ሲያታልል ነው።